ጠዋት ከሚስትህ ጋር ና

እኔ የሰው ሞት እንኳ በአንድ ስልክ አላምንም። የድሮ ጎረቤታችን ደውሎ እትዬ ብርቄ አረፉ ሲለኝ፣ ማን ነገረህ፣ መቼ፣ የት ብዬ አፋጠጥኩት። ስልኩን ዘግቼ ደግሞ ለሌላ ሰው ደወልኩ። ያኛውም ያንኑ ሲደግምልኝ ነው ቁጭ ያልኩት። ባለቤቴ ጸዳለ ግን የመጀመሪያውን ስልክ ከአጠገቤ ሆና እንደሰማች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀምራ ነበር። እሷ ማጣራት አትወድም።

ቀብሩ ልደታ ማርያም ነበር። ሰፈራችን ለልማት ይነሳል ተብሎ ሁላችንም በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተንን ወዲህ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው እንደዚያ ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም። ፍትሐቱ ሲደርስ የኔ ዓይን የነበረው ሌላ ቦታ ነው። የማላውቃቸው ሴቶች መጥተዋል። ተራርቀው ቆመዋል፤ እርስ በርሳቸውም የሚተዋወቁ አይመስሉም። አንዷ ወርቅ በወርቅ ሆናለች፣ አንዷ ከጉልት የተነሳች ትመስላለች፣ አንዷ አሮጊት ናት፣ የልጇን ክንድ ይዛ ቆማለች። ሁሉም የሚያለቅሱት እናቱ እንደሞተችበት ሰው ነው። እትዬ ብርቄ ደግሞ ልጅም እህትም አልነበራቸውም። ወራሽ የሌለው ሰው ሲሞት ዘመዱ እንደሚበዛ ስለማውቅ ወዲያው ጠረጠርኩ። ከሴቶቹ መካከል የማውቃት ሮማንን ብቻ ነበር። የሮማንን ነገር ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ።

መጠርጠር እንጀራዬ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ የሠራሁት ግምጃ ቤት መቁጠር፣ የጎደለውን መፈለግ፣ ትርፍ የተገኘውንም መጠርጠር ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይተርታል፤ እኔ ልጆቼን አሳደግኩበት። እትዬ ብርቄም ስሜን ትተው «ቆጠራው» ነበር የሚሉኝ።

የምንኖረው ግድግዳ ተጋርተን ነበር። በወዲያ በኩል የሳቸው ጠጅ ቤት፣ በወዲህ በኩል የኛ ሁለት ክፍል። ጠጅ ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ግድግዳውን የተደገፉ አግዳሚዎች፣ የጠጅ በርሜል፣ ከጥግ ደግሞ ድሮ ልብስ የሚቀመጥበት ዓይነት ትልቅ የእንጨት ሳጥን። የሳጥኑ ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ሴት ነበሩ።

ወደሳቸው ቤት የሚመጣው ሰው ብዙው መሣሪያ አያጣውም ነበር። ገንዘብ ይዞ ክፍለ ሀገር የሚወርድ ነጋዴ አለ፣ የሀብታም አጃቢ አለ፣ ከውትድርና የተመለሰ አለ። እትዬ ብርቄ በር ላይ ይቆሙና አንድ ቃል ሳይናገሩ የነጠላቸውን ጫፍ መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ወደ እንግዳው ይዘረጋሉ። ሰውየው ከወገቡ አውጥቶ እዚያ ላይ ያስቀምጣል። ወዲያው ይሸፍኑታል፣ ይዘውት ይገባሉ፣ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ብረት በባዶ እጃቸው ነክተው አያውቁም። አልሰጥም ያለ ጠጅ አይቀዳለትም።

እስከዚህ ድረስ ማንም ብልህ ባለ ጠጅ ቤት ያደርገዋል ይባል ይሆናል። የሳቸው ጉድ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የጠጣ ሰው ሲወጣ መሣሪያውን አያገኝም። «ጠዋት ከሚስትህ ጋር ና» ይሉታል። ሚስት የሌለው እናቱን ይዞ ይመጣል። እናት የሌለው አከራዩን። ጠዋት ሲመጡም የሚያነጋግሩት ሴቲቱን ነው። ዓይን ዓይኗን እያዩ «ልስጠው?» ይሏታል። ይስጡት ካለች ለሷ ያስረክባሉ፣ እሷ ለሱ ትሰጠዋለች። በቆርቆሮ አጥራችን ላይ አንድ የምስማር ቀዳዳ ነበረች፤ ፊቴን ስታጠብ ብዙ ነገር አይባት ነበር።

አንድ ማታ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ፣ የሰፈራችን ሰው ነው፣ አሁኑኑ ስጡኝ ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ጩኸቱን ሰምቼ በራፉ ላይ ደረስኩ። እትዬ ብርቄ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ። ሃምሳ አለቃው አግዳሚውን ገለበጠና «እገድልሻለሁ» አላቸው። ቀና ብለው አዩትና «በምን?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ራሱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። በማግስቱ በጠዋት ሚስቱን ከፊት አስቀድሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ ሲመጣ በቀዳዳዬ አይቼዋለሁ።

እኔ ግን አላመንኳቸውም። እንዴት ላምን? የሰው ሽጉጥ በአንድ የጠጅ ቤት ሳጥን ውስጥ ያድራል፣ ከዚያ አንዳንዱ ሰው ጠዋት ከሚስቱ ጋር መጥቶ ባዶ እጁን እየተራገመ ይመለሳል። አንዱን በደጃፌ ሲያልፍ ምነው ብዬ ስጠይቀው፣ ተወኝ ብሎኝ ሄደ። ብረቱ የት ገባ? ገቢ ሆኖ ወጪ ያልሆነ ንብረት ያለ ጌታ አይጠፋም። ነጠላቸውም ያጠራጥረኝ ነበር። በአንድ ጫፉ ጥለቱ ተቀድዶ ያልወጣ ነጠላ ለብሰው ያየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፣ በቀረው ላይ ደግሞ የዘይት ነጠብጣብ። ጥለት ቀድዶ እስከመሸጥ የደረሰች ሴት ሽጉጥ ብትሸጥ ምን ይገርማል እያልኩ ለጸዳለ አወራላት ነበር። ጸዳለ «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብላ ወደ ሥራዋ ትዞራለች።

የጦር መሣሪያ ቁጥጥር አዋጁ ሲወጣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። እያንዳንዱ ብረት ይመዝገብ፣ ፈቃድ ይኑረው፣ ባለቤቱ ይታወቅ። ይሄ የኔ ቋንቋ ነው። በጠጅ ቤቱ ግን ክርክሩ ያን ሰሞን ሙሉ አልበረደም። ሃምሳ አለቃው አዋጅ የሚሰማው ጨዋው ሰው ነው፣ ሌባው መቼ ሊያስመዘግብ ይሄዳል፣ ባዶ እጃችንን ለወሮበላ ሊሰጡን ነው ይላል። እኔ ከበሩ ሳልገባ፣ ብረት ሲበዛ ሬሳ ይበዛል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል፣ ይሄ መቁጠር የሚችል ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው እላለሁ። እግረ መንገዴን ያ ሳጥን ከዛሬ ጀምሮ ወንጀል ነው ብዬ ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው። ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው መሣሪያ ማስቀመጥ ያስከስሳል።

«አዋጁ ጥሩ ነው» አሉ፣ ብርሌ እያጠቡ። «ግን አዋጁ የሚጠይቀው ብረቱ የማን ነው ብሎ ነው። እኔ የምጠይቀው ቤቱ ሲገባ ማን ላይ ያወጣዋል ብዬ ነው።»

ያን ቀን መልሱ ብልጠት መሰለኝ። ሕግ እንዲህ በየጠጅ ቤቱ የሚሻሻል ከሆነ ሕግ አይባልም። ዛሬም ቢሆን ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። በሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያ ሳጥን የወንበዴ ግምጃ ቤት ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ሮማን ልምጣ። ባሏ ደምሴ የእህል ነጋዴ ነው፣ ቤታቸው ጌጃ ሰፈር። ሰው በሁለት እጁ የሚጨብጥ፣ ለለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው። ሽጉጡም ሕጋዊ ነበር፤ የፈቃድ ወረቀቱን በፕላስቲክ አሽጎ ኪሱ ይይዛል፣ ሳይጠየቅ ያሳያል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሁሉ ጠጪ ያልጠረጠርኩት እሱን ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከሮማን ጋር መጣ። እትዬ ብርቄ እንደ ልማዳቸው «ልስጠው?» አሏት። ሮማን ምንም አላለችም። የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ስባ መሬት መሬት አየች። እትዬ ብርቄ ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ ወደ ደምሴ ዞረው፣ ቁልፉ ጠፍቶብኛል፣ ሌላ ቀን ና አሉት። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። እኔ ከአጥር ማዶ ሆኜ አየዋለሁ። በቃ፣ አልኩ፣ ሌብነቱን በዓይኔ አየሁት።

ደምሴ ሌላ ቀን መጣ። ደግሞ ሌላ ቀን መጣ። እትዬ ብርቄ መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ በሽታ፣ በመጨረሻ ደግሞ ያንተ ሽጉጥ እኔ ጋ የለም አሉት። ፈቃድ ማሳደሻው ጊዜ ደርሶ ነበርና መሣሪያውን ይዞ መቅረብ አለበት። ቢጨንቀው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ከሰሳቸው። ፖሊሶች መጥተው ቤቱን በረበሩት፣ ሳጥኑን አስከፈቱት። አንድ ጋቢና ያረጁ ብርሌዎች ብቻ ተገኙ። ሳጥኑ ያን ያህል ባዶ ሆኖ ማግኘታቸው ለኔ የባሰ አጠራጣሪ ነበር። እትዬ ብርቄን ይዘዋቸው ሄዱ፤ በማግስቱ እኔ ለምስክርነት ተጠራሁ።

ጸዳለ ያን ቀን ጠዋት ሻዬን አቅርባ ከፊቴ አልሄድ አለች። «ምን ልትል ነው?» አለችኝ። ያየሁትን አልኳት። ስኒውን አነሳች።

ቃል የምትቀበለው ወጣት ሴት ሳጅን ነበረች። ደምሴ ከጎኔ ተቀምጧል፤ ስገባ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ተከሳሿ የግል ተበዳይን ሽጉጥ ሲቀበሉ አይተዋል ወይ ተባልኩ። የሰጠበትን ማታ በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ በሬ ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ነገሩ የታየኝ። በሥራ ዘመኔ ስንት ሰው «ካርቶኑ ውስጥ እቃው አለ፣ ፈርም» ብሎ ሊያታልለኝ ሞክሯል። ካርቶን አይቼ እቃ ተረክቤያለሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ደምሴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለነበር ከወገቡ የወጣው ነገር አልታየኝም፤ የታየኝ ነጠላ ነው።

«ነጠላ አይቻለሁ» አልኩ። «ነጠላው ውስጥ ምን እንደነበረ አላየሁም።»

ሳጅኗ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል አለችኝ። ሊሆን የሚችለውን አልመሰክርም አልኳት። ይህን ስል ለእትዬ ብርቄ አዝኜ አይደለም፤ ያኔም ሽጉጡን እንደሸጡት ነበር የማምነው። የደምሴ ፊት ግን ተለዋወጠ። እስከዚያ ድረስ ያ የተተኮሰ ፊት ሲጨማደድ አይቼው አላውቅም። ሮማን ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ ዞር ብሎ «አንቺ ንገሪያቸው እንጂ!» ሲላት ከወንበሯ ጋር ወደ ኋላ ሸሸች። ሳጅኗም አየቻት፣ እኔም አየኋት።

ሳጅኗ ደምሴን ውጭ ጠብቅ አለችው። እኔን ውጣ ያለኝ ስላልነበረ ቁጭ አልኩ። ሮማን እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

«ሲመጣ ትራስ ስር ነው የሚያስቀምጠው» አለች። «ሲናደድ አውጥቶ ግንባሬ ላይ ያደርገዋል። ሕጋዊ ነው እኮ፣ የትም ብትሄጂ ወረቀት አለኝ ይለኛል። ሽጉጡ ከተመለሰ እኔ አልኖርም። እትዬን እኔ ነኝ እግራቸው ላይ ወድቄ የለመንኳቸው።»

ሳጅኗ የመጨረሻውን ቃል ሳትጽፍ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ እንደገና አነሳችውና ለሮማን ሌላ ወረቀት አወጣች። ይህኛው በደምሴ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ነበር። የደምሴ ፈቃድ በዚያው ታገደ፤ በአዲሱ ሕግ በመሣሪያ ሰው የሚያስፈራራ ፈቃድ አይሰጠውም። ሮማን ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ጋ ገባች። እትዬ ብርቄም ማስረጃ ስላልተገኘባቸው በማስጠንቀቂያ ተለቀቁ፣ ሳጥኑም ከዚያ ወዲህ ተዘጋ። ብረት የያዘ ሰው በር ላይ ይመለስ ጀመር። አዋጁ ሠራ ማለት እችላለሁ። የሠራው ግን አንዲት ሴት እጅጌዋን ከሰበሰበች በኋላ ነው፤ እስከዚያ ጊዜ በሕይወት ያቆየቻት ደግሞ ያቺ ሕግ የጣሰች ባለ ጠጅ ቤት ናት።

የተፈቱ ዕለት ጠጅ ቤት ገባሁ። ሰው አልነበረም። ቆሜ ሽጉጡ የት ነው አልኳቸው። ምስክርነቴ የሚያስከብረኝ መስሎኝ ነበር።

«ጠዋት ከሚስትህ ጋር ና» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁ። ብርሌያቸውን ማጠብ ቀጠሉ። ስናደድ አመሸሁና በማግስቱ ጸዳለን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ብርቄ እኔን ትተው ጸዳለን አዩ። «ልንገረው?» አሏት። ጸዳለ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ እንደዚያ ተመዝኜ አላውቅም። «ይንገሩት» አለች።

«አንተ በየጠዋቱ ተቀምጠህ ጋዜጣ የምታነብበት ስር ነው» አሉኝ።

የጋራ ሽንት ቤታችንን ማለታቸው ነው። ደምሴ ቁልፍ ጠፋ ተብሎ በሄደ ማግስት ሽጉጡን ጠቅልለው ጉድጓዱ ውስጥ ጥለውታል። ፍሳሽ የሚመጠው መኪና ከላይ ከላዩን ይዞ ስለሚሄድ ከባድ ነገር እዚያው ይቀራል አሉ። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ። ጸዳለም ታውቅ ነበር፤ ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ ብዬ ብቆጣ፣ «አንተ ነገር ከሰማህ ካላጣራህ አትተኛም» አለችኝ። እኔም አፍሬ ወጣሁ፤ ሆኖም መንገድ ላይ፣ ይሄን ያህል ዋጋ ያለው ሽጉጥ ማን ሽንት ቤት ይጥላል የሚል ሐሳብ ተመልሶ መጣብኝ። ሸጠውት ቢሆንስ? ጉድጓድ አይከፈት፣ አይቆጠር። ይህ ጥርጣሬ ለዓመታት አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ቀብራቸው ላይ ያን የማላውቀው ሴት ሁሉ ሳይ፣ ገንዘብ ያለበት ነገር አለ ያልኩት በዚሁ ሳቢያ ነው።

አርባቸው ሳይወጣ የድሮው ግቢያችን ሊቆፈር ነው መባሉን ሰማሁ። ጸዳለን ልደታ ጉዳይ አለኝ ብዬ ወጣሁ። ቤቶቹ ፈርሰው ሜዳ ሆኗል፣ ያቺ ቀዳዳዬ ያለባት ቆርቆሮም የለችም። ስካቫተሩ የሽንት ቤቱን ቦታ ሲጀምር ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ። እኔ አልሸሸሁም።

ብዙ ከተቆፈረ በኋላ ሹፌሩ ማሽኑን አቆመ። ከጭቃው ላይ የተጠቀለለ ነገር ወድቆ ነበር። አንዱ ሠራተኛ በአካፋ ሲገልጠው ዝገት የበላው ሽጉጥ ሆነ። የተጠቀለለበት ጨርቅ በስብሶ አልቋል፤ የቀረው የሚያብለጨልጨው የጥለት ክር ነው። እፎይ አልኩ። እትዬ ብርቄ እውነታቸውን ነበር፤ ልቤ ተነካ፣ ሄጄ መቃብራቸው ላይ ይቅር በሉኝ ልል አሰብኩ። ፖሊስ እስኪመጣ አልሄድም ብዬ ቆምኩ። ፖሊስ መጥቶ ማሽኑ እንደገና ሥራ ሲጀምር ሁለተኛ ጥቅል ወጣ። የዚህኛው ጥለት አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ ሌላ ወጣ፣ ከሱ አጠገብ ደግሞ አፈሙዙ የተቆረጠ ጠመንጃ። ፖሊሱ ጆንያ አስመጣ።

ይህ የማን ነው ብሎ ወደ ቆምነው ሰዎች ዞረ። እኔ ያ ተወኝ ብሎኝ ያለፈው ሰው ፊት መጣብኝ፣ ከሱም በፊት፣ ከሱም በኋላ ባዶ እጃቸውን እየተራገሙ የተመለሱት። ለምን እንደ ደምሴ ሳይከሱ ቀሩ? ፈቃድ ያልነበረው ሰው ሽጉጤን ወሰዱብኝ ብሎ ማን ጋ ይሄዳል። የከሰሰው ወረቀት ያለው ብቻ ነው። ያ ሁሉ የተቀደደ ጥለትም ለመጠቅለያ እንጂ ለሽያጭ አልነበረም።

ለጸዳለ ደወልኩና የሆነውን ነገርኳት። አንድ ብቻ አይደለም እኮ አልኳት። ቀስ ብላ «ሮማን ብቻዋን መስላህ ነበር?» አለችኝ።

ወርቅ በወርቅ የሆነችው ትዝ አለችኝ፣ የጉልቷ ሴት፣ ልጇን የተደገፈችው አሮጊት፣ ተራርቀው የቆሙት ሌሎቹም። ዕድሜ ልኬን ስቆጥር የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ቀብሩ ላይ ስጠረጥራቸው ዋልኩ እንጂ አልቆጠርኳቸውም።